«ጉንጭሽን አሳዪኝ» ትለኝ ለነበረች እናቴ

አሰላሙ ዐለይኪ እማዋ፣

አላህ ጀነትን ይወፍቅሽ። ከተለየሽን ባለፈው ሐሙስ ዓመት ሞላ። የተቀበርሽው እዚያው ለሥራ በሄድሽበት ጅዳ ስለሆነ ሄጄ የማለቅስበት መቃብር የለኝም፤ ስለዚህ እጽፍልሻለሁ።

ቤቱ ደህና ነው። ታላቅ እህትሽ አክስቴ ዘሀራ ከአጅባር ጠቅልለው መካነ ሰላም መጥተው ከእኔ ጋር ይኖራሉ። እኔም አሥራ ሰባት ዓመት ሞላኝ፤ ከክፍሌ ሰባተኛ ወጥቻለሁ። ደግሞም ወፍሬያለሁ። አንቺን ደስ በሚልሽ ልክ አይደለም፤ የትምህርት ቤቱን ዳገት ስወጣ ሦስት ጊዜ ቆሜ ነው የምተነፍሰው።

በቪዲዮ ስትደውይ የመጀመሪያ ቃልሽ «ጉንጭሽን አሳዪኝ» ነበር። ሞላ ብሎ ካየሽው «ማሻአላህ፣ ልፋቴ መና አልቀረም» ብለሽ ትስቂያለሽ። ከሳ ካልኩብሽ ስታለቅሺ እንደምታድሪ አውቅ ነበር። ስለዚህ ከመደወልሽ በፊት እበላለሁ። የትምህርት ቤት ልጆች «በርሜል» ብለውኝ ብመጣም፣ ናፍቀሽኝ ቢሆንም፣ ዳቦዬን ጠቅጥቄ ፊቴን አሳምሬ እቀርብሻለሁ። አንቺም ድካምሽን ደብቀሽ ትስቂልኛለሽ። ጉድ እኮ ነን!

አንቺ ስትሞቺ ስልኩ ዝም አለ፣ መብላቱ ግን ቀጠለ። ጭኮ፣ ብስኩት፣ የተረፈ ፍርፍር፣ ያገኘሁትን ሁሉ። ስጨርስ አፍራለሁ፤ ሳፍር ደግሞ እንደገና እበላለሁ። አክስቴም «የቲሟን አስራቡ» እንዳይባሉ በላይ በላዩ ያጎርሱኛል። የሰው አፍ ታውቂው የለ።

ትንፋሼ ሲያስቸግረኝ ጤና ጣቢያ ሄድኩ፤ ነርሷ አልተቆጣችኝም። ክብደቴንና የደም ግፊቴን ለካችና፣ ከመብላቴ በፊት የተሰማኝን በደብተር እንድጽፍ ነገረችኝ። ሁለት ሳምንት ጻፍኩ። «ራበኝ» የሚለው ጥቂት ቦታ ነው። ሌላው ሁሉ «እማ» ይላል። ተናደድኩ፤ በአንቺም ጭምር።

ሐሙስ ለሰደቃሽ ጎረቤቱ ተሰብስቦ ነበር። ዱዓው ላይ ስምሽ ሲጠራ እጄ ወደ ትሪው ሄደ። አክስቴ ቀድመው ትልቅ ጉርሻ ጠቅልለው «በሞቴ» አሉኝ። በሰው ፊት የታላቅ ጉርሻ መመለስ ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋሽም። እጃቸውን ያዝ አድርጌ፣ «አልራበኝም አክስቴ፤ እማ ናፍቃኝ ነው» አልኳቸው። አክስቴ ጉርሻውን ትሪው ላይ መለሱና «እኔንም ልጄ፣ እኔንም» ብለው አቀፉኝ። ዓመት ሙሉ አንድ ቤት ስንኖር አብረን ስናለቅስ የመጀመሪያችን ነበር። ምሳዬን በኋላ በላሁ፤ ያኔ እውነትም ርቦኝ ነበር።

እልኸኛነቴን ከአንቺ ነው የወረስኩት። ይሄ አመል በአንድ ቀን ይለቀኛል ብዬ አልዋሽሽም፤ ትናንት እንኳ አንድ እሽግ ብስኩት ጨርሻለሁ። ዛሬ ግን ደብተሬን ይዤ እንደገና ጀምሬያለሁ፤ ነገም እጀምራለሁ።

እስካሁን እኮ የምበላው እንዳላስብሽ ነበር። ከእንግዲህ ስትናፍቂኝ ለአክስቴ እነግራቸዋለሁ፤ ቁጭ ብለን እናወራሻለን፣ ካስለቀስሽንም እናለቅሳለን። አልረሳሽም፣ እማ። ልርሳሽ ብዬ መታገሉንም ትቻለሁ።

ልጅሽ ከድጃ