ድልድዩ አፍ ላይ የሚቆመው ሞተር

ለውድ እህቴ፤

ሰላምታዬ ከእስራኤል፣ የበር ሼቫን ከተማ አቧራ አራግፎ ይድረስሽ። ጤናሽ እንዴት ነው? የእማዬ ጉልበትስ? እኔ ጉንፋን እንኳ የሚፈራኝ ወንድምሽ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ።

ይህን ማን ጻፈለት እንዳትዪ። ራሴ ነኝ! እዚሁ ሰፈራችን ሽኩና ሄ የማታ ትምህርት ገብቼ ፊደልን ከሀ እስከ ፐ አንበርክኬዋለሁ። መምህርታችን አጸደ «እንዳንተ ያለ ተማሪ ገጥሞኝ አያውቅም» አለችኝ። ሙገሳ ነው ብዬ ወስጄዋለሁ።

ልጆች ሳለን ከታላቅ ወንድማችን ጋር ጎንደር ጌም ቤት የምንጫወተው የሞተር እሽቅድድም ትዝ ይልሻል? አንቺ ከኋላችን ቆመሽ ትጮሂ ነበር። ያ ጌም እንደ አዲስ ተሠርቶ በስልክ መጥቷል። መንገዱ ያው፣ ድልድዩ ያው፤ ውሃው ብቻ እውነተኛ መስሏል። ታሃና መርካዚት አውቶቡስ መናኸሪያውን ስጠርግ እውልና፣ በእረፍቴ ጌሙን ከፍቼ ይሄ ሁሉ ሽበት እያለኝ እንደ ሕፃን እስቃለሁ። የሥራ ጓደኛዬ ማታን «ማ ኢትኻ? ምን ነካህ? አዲስ ጌም ሞልቶ የለ! በአሮጌ ምን አሯሯጠህ?» ይለኛል። እሱ ምን ያውቃል! እዚያ ውስጥ እኮ ዛሬም አሥራ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ቪዛ የሚጠይቀኝ የለም።

ወደ እስራኤል የመግቢያ ወረፋችሁ ደርሶ እስክትመጡ እዚያው እንገናኝ ብዬ ለወንድማችንም አስጫንኩለት። ዓርብ ዓርብ እኔ ከዚህ፣ እሱ ከጎንደር እንጋልባለን። መቼም ታውቂዋለሽ፣ ድልድዩ ላይ ፍሬን አይዝም፤ ሆን ብሎ ወንዝ ይገባና ይስቃል። ባጃጁንም የሚነዳው እንደዚያው ነው።

ከፋሲካ ወዲህ ግን ድምፁን አልሰማሁም። እማዬ «ስልኩ ድምፅ እምቢ ብሎት ነው» ትለኛለች። ባጃጁን ሸጣችሁታል ሲሉም ሰማሁ። ዓርብ ሲሆን ግን ስሙ ይበራል፤ ቀዩ ሞተር ይመጣል። ድልድዩ አፍ ላይ ይደርስና ቀጥ ይላል። አልፌው ሄጄ ዘወር ስል እዚያው ነው። ወደ ውሃው ዞሮ ይቆማል።

ባለፈው ዓርብ ታዲያ፣ የፊደል ጌታ አይደለሁ? «ምነው፣ ፈራህ እንዴ?» ብዬ ጻፍኩለት። ወዲያው መልስ መጣ፦ «ደህና ነኝ ወንድሜ። አንተ እለፍ።»

አንብቤ ኮራሁ። ከዚያ ደግሜ አነበብኩት። እህቴ፣ እኔና እሱ መች ትምህርት ቤት ደጅ ረገጥን? ከእማዬ ልጆች ፊደል የቆጠርሽው አንቺ ብቻ ነሽ።

እሑድ ሊነጋጋ ሲል በሬ ተንኳኳ። በቀዳዳው ባይ የሰፈራችን ሽማግሌ አባባ አዝመራው ሌሎች ሁለት አስከትለው ቆመዋል። በዚያ ሰዓት ሽማግሌ ለሠርግ አይመጣም። እኔ ጀግናው ትንፋሼን ዋጥኩ። ቤት የለም ብለው ሄዱ።

ተመልሰው ይመጣሉ፤ እኔም እከፍታለሁ። አንድ ዓርብ ብቻ ስጪኝ። ይህን ደብዳቤ ወደ ጎንደር የምትመጣው ጎረቤቴ ሽታዬ ይዛልሽ ስትደርስ የእሱን ስልክ እንዳታጠፊው። ድልድዩ ጋ ስትቆሚ እኔም ፍሬን ይዤ ከጎንሽ እቆማለሁ። ከዚያ አብረን እንሻገራለን።

እማዬን በኔ ፈንታ አጥብቀሽ እቀፊያት። አምላክ ጉልበቷን ያጽና፤ ያንቺንም ዓይን ከእንባ ይጠብቅ።

ያለሁልሽ ወንድምሽ