ዓይኗን በጨዋነት ዝቅ ላደረገች ልጅ ድጋሚ ምዘና ስለመጠየቅ

ቀን፦ ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለመገናኛ መርጃ መሣሪያዎች ምዘና ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ የዘጠኝ ዓመት የልጅ ልጄ ምዘና በእኔ ጥፋት የተበላሸ በመሆኑ ውጤቱ ተነሥቶ እንደገና እንድትመዘን ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ሠላሳ አንድ ዓመት መዝገብ ቤት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። ረዥም ማመልከቻ ሲመጣ የመጨረሻው ገጽ ሳይነበብ ፋይል ውስጥ እንደሚገባ ስለማውቅ ጥያቄዬን ከፊት አስቀድማለሁ። ጥቅምት 13 ቀን የደረሰን «የመረዳት ምልክት አልተገኘባትም» የሚለው ውጤት ተነሥቶ፣ የመቃወሚያው ጊዜ ሳያልፍ የልጅ ልጄ እንደገና እንድትመዘን እለምናለሁ። የተሰጠን ሠላሳ ቀን ነው። ዛሬ ሃያ ስድስተኛው ነው። ይህን ስጽፍ እንኳ አንድ አንቀጽ ጨርሼ ተነሥቼ እዞራለሁ፤ የእጅ ጽሑፌ አንዳንድ ቦታ የተዛባው ስለዚህ ነውና ይቅርታ እጠይቃለሁ።

1. ልጅቱ ስትወለድ አየር አጥሯት ስለነበር እጅና እግሯ አይታዘዙላትም። አንገቷ ቶሎ ይደክማል። በቀኝ ጆሮዋ አትሰማም፤ በግራ በኩል የተቀመጠ ነገርም ዘግይታ ነው የምታየው። አፏ ቃል አያወጣም። ወደ ጣሪያ ካየች «አዎ» ማለቷ ነው፤ ዓይኗን ጨፍና ካቆየች «አይ» ማለቷ ነው። ይህን ማንም አላስተማራትም። ሦስት ዓመት ሳይሞላት ራሷ አወጣችው፤ የተማርነው እኛ ነን። እናቷ የእኔ ልጅ ናት። ልብስ ስፌት ፋብሪካ በፈረቃ ስለምትሠራ ከልጅቱ ጋር የምውለው እኔ ነኝ። አሳደግኋት ብል ልጄ አትቀየመኝም።

2. በምዘናው ዕለት ቀጠሯችን ሦስት ሰዓት ሆኖ የተጠራነው አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። በዚህ ቅሬታ የለኝም፤ መዝገብ ቤት የኖረ ሰው ወረፋን አይከስስም። ባለሙያው ወጣት ቢሆኑም ትሑትና ታጋሽ ናቸው። ከዊልቸሯ ፊት ዝቅ ባለ በርጩማ ተቀምጠው ሁለት ሁለት ሥዕል እያነሡ፣ አንዱን በቀኝ ጉንጫቸው፣ አንዱን በግራ ጉንጫቸው አጠገብ ይዘው፣ «ኳሱ የቱ ነው? እስቲ በዓይንሽ አሳዪኝ» ይሏታል። ልጅቱ ዓይኗን ጉልበቷ ላይ ተከለች። «የእኔ ቆንጆ፣ ወደ እኔ እዪ እንጂ» አሏት። አላየችም። ጫማ፣ ድመት፣ አልጋ፣ ማንኪያ እያሉ ሃያ ጊዜ ጠየቋት። በመጨረሻ ቅጹ ላይ «የዓይን ትኩረት፦ የለም። ምርጫ፦ አይታይም» ብለው ጻፉ። ባለሙያው ያዩትን ነው የጻፉት። በእሳቸው ቦታ ብሆን እኔም ያንኑ እጽፍ ነበር።

3. አሁን ጥፋቴን ላስረዳ። እኔ የተማርሁት ልጅ የታላቁን ፊት ቀና ብሎ ማየት በሚያስቀጣበት ትምህርት ቤት ነው። ያየ መዳፉን በማስመሪያ ይመታ ነበር። አራት ዓመት ያስተማሩኝን መምህር በጫማቸው ክር አውቃቸው ነበር እንጂ ፊታቸውን መንገድ ላይ ባየው አልለየውም ነበር። ያንን ጨዋነት ለልጄ ላስተምር ሞከርሁ፤ እንቢ አለችኝ። ለልጅ ልጄ አስተማርሁ፤ እሷ እሺ አለችኝ። በዊልቸር የምትሄድ ልጅ ስለሆነች መንገደኛው ያፈጥጥባታል፤ እሷም ያኔ መልሳ ታፈጥጥበት ነበር። የአካሏ ጉዳት አንሶ ባለጌ ናት እንዳይሏት ብዬ፣ «እንግዳ ሰው ፊት ስትቀርቢ ዓይንሽን ዝቅ» እያልሁ አምስት ዓመት ሙሉ ተናገርኋት። ስትረሳ ጉሮሮዬን እጠርጋለሁ፤ ወዲያው ዝቅ ታደርጋለች። ሰውም «እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ ናት» ሲለኝ ደስ ይለኝ ነበር።

በምዘናው ጠዋት ፀጉሯን እያበጠርሁ ይህንኑ ደገምሁላት። ክፍሉ ውስጥም ከኋላዋ ተቀምጬ ነበር። ባለሙያው ድመቷ የቷ እንደሆነች ሲጠይቋት፣ ልጅቱ ቀስ ብላ ዓይኗን ድመቷ ወዳለችበት፣ ማለትም ወደ እሳቸው ፊት፣ ማንሣት ጀመረች። እኔ ጉሮሮዬን ጠረግሁ። አስቤው አይደለም፤ ነገር ግን ጠርጌአለሁ። ዓይኗ ወረደ። ባለሙያው በዚያች ቅጽበት ቅጹን ያዩ ስለነበር አላዩም። ከዚያ ወዲያ ልጅቱ እስከ መጨረሻው ቀና አላለችም።

4. ይህን ያን ዕለት አልገባኝም ነበር። ቤት ገብቼም «ሰነፈች፣ ከረፋዱ ጀምሮ ደክሟት ነበር» ነው ያልሁት። ልጄ ደብዳቤውን ካነበበች በኋላ ግን መቀመጥ አልቻለችም። ከመጽሔት ሥዕል ቆርጣ ቁም ሣጥኑ በር ላይ ለጠፈችና ጠየቀቻት፤ ልጅቱ የተጠየቀችውን አንድ በአንድ አየች። በማግስቱ በቅርብ ጊዜ የተከራየው፣ ልጅቱ ገና ያልለመደችው አናጢ ጎረቤታችን መጣ። ልጄ ሥዕሎቹን ሰጥታው ልክ እንደ ባለሙያው ጉንጩ አጠገብ እንዲይዝ አደረገችው። ልጅቱ ጉልበቷን አየች። አናጢው «ፂሜ ነው መሰለኝ ያስፈራት፤ ሚስቴም ሁልጊዜ የምትለው ይህንኑ ነው» አለ። ልጄ ግን ወደ እሱ አልዞረችም። ወደ እኔ ዞራ፣ «እማዬ፣ ፂሙ አይደለም። አንቺ ነሽ» አለችኝ።

5. በግምት ማመልከት ስለማልወድ አስመዝግቤአለሁ። አናጢው ከስስ ጣውላ በእግሩ የሚቆም ሰሌዳ ሠራልን። («እማማ፣ ይኼ እኮ ዜና የሌለው ቴሌቪዥን ነው» አለኝ ሲያስረክበኝ።) አራቱ ማዕዘን ላይ አራት ሥዕል ይለጠፋል። ጠያቂው ፊት ለፊቷ ሳይሆን ከግራዋ፣ በምትሰማበት ጆሮ በኩል ይቀመጣል። አሥራ አንድ ቀን ሞከርን፤ የጠየቃት አናጢው ነው፤ እኔ ወጥ ቤት ሆኜ በሩ ተዘግቶ ነበር፤ የጻፈችው ልጄ ናት። ሥዕሉ ሰው ፊት አጠገብ ሲሆን ከአርባ ጥያቄ ሦስቱን ብቻ መለሰች። ሰሌዳው ላይ ሲሆን ከአርባ ጥያቄ ሠላሳ አራቱን መለሰች። ከሳተቻቸው ስድስት አምስቱ በግራ ጠርዝ የተለጠፉ ነበሩ። ደብተሩ ከዚህ አቤቱታ ጋር ተያይዟል።

ኅዳር 2 ቀን ረፋድ ላይ ልጅቱ ታለቅስ ጀመር። ድሮ ቢሆን የሆድ ሽሮፕ ሰጥተን እስከ ማግስቱ እንጠብቅ ነበር። ሰሌዳው ላይ ሆድ፣ ጥርስ፣ ጆሮና እግር ለጥፈን ጠየቅናት። እግርን አየች። የብረት ድጋፍ ያለውን ጫማዋን ብናወልቅ ተረከዟ ላይ አውራ ጣት የሚያህል ውኃ የቋጠረ ቁስል አገኘን። «የመረዳት ምልክት አልተገኘባትም» የተባለችው ልጅ ይህች ናት።

6. በውጤቱ መሠረት ልጅቱ ከሚቀጥለው መንፈቅ ጀምሮ ከትምህርት ቤት ክፍሏ ወጥታ ወደ ማቆያ ክፍል እንድትዛወር፣ የመገናኛ መሣሪያም እንዳይሰጣት፣ ዳግም የምትመዘነውም ከሁለት ዓመት በኋላ እንዲሆን ተወስኗል። ማቆያ ክፍሉን ሄጄ አይቻለሁ። ንጹሕ ነው። ተንከባካቢዎቹ እጃቸው ለስላሳ፣ አንደበታቸው መልካም ነው። ልጆቹ በጊዜው ይበላሉ፣ በጊዜው ይለወጥላቸዋል፤ ዊልቸሮቹ ግድግዳ ተደግፈው ቴሌቪዥኑን ይመለከታሉ። አንድ ሰዓት ቆሜ አዳመጥሁ። በዚያ አንድ ሰዓት ማንም ልጅ ምንም አልተጠየቀም። ያልተጠየቀ ደግሞ አይመልስም። የልጅ ልጄ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ሁለት ዓመት በዚያ ከተቀመጠች በኋላ በምን ዓይነት ዓይን ለምዘና እንደምትቀርብ አላውቅም። እንቅልፍና ዕረፍት ያሳጣኝ ይህ ነው።

በእጅ የተሠራው ሰሌዳ አይበቃትም ወይ ሊባል ይችላል። አይበቃትም። አራት ሥዕል ብቻ ይይዛል፤ ከቤተሰቡ በቀር የሚያነበው የለም፤ ትምህርት ቤቱም ከእናንተ ማረጋገጫ ውጭ አይቀበለውም። ስንት ሥዕል እንደምትችል፣ ምን ያህል ርቀት እንደሚስማማት፣ አንገቷ በምን ቢደገፍ እንደማይደክም፣ በጉልበቷ ስትጫነው ድምፅ የሚያወጣ መሣሪያ መጠቀም ትችል እንደሆነ የሚያውቁት የእርስዎ ባለሙያዎች ናቸው። እኔ እንደሚገባኝ ምዘና መሣሪያን ለልጅ ልክ የሚያደርግ ሥራ ነው፤ ልብስ ሰፊ ልኩ አልሆነም ብሎ ልጁን አይጥልም።

7. ይህንኑ በቃል ለማስረዳት አራት ጊዜ ወደ መሥሪያ ቤትዎ መጥቻለሁ። ሦስቱን ቀን እርስዎ ስብሰባ ላይ ነበሩ። በአራተኛው ቀን በመስኮቱ ያለው ጸሐፊ፣ «እማማ፣ ይኼ እንደ መንጃ ፈቃድ ነው፤ የወደቀ ተራውን ይጠብቃል» አለኝ። እኔም «ልጄ፣ መንጃ ፈቃድ የወደቀ ሰው በእግሩ ወደ ቤቱ ይሄዳል» አልሁት። ይህን የምጠቅሰው ልጁን ለመክሰስ አይደለም፤ በኋላ ወንበር አምጥቶልኛል። በጽሑፍ እንዳመለክት የመከረኝም እሱ ነው።

8. ያስተማርሁትን ለማስጣል ሞክሬአለሁ። ፊት ለፊቷ ተቀምጬ፣ «ከዛሬ ጀምሮ የፈለግሽውን ሰው ፊት እዪ፤ የተሳሳትሁት እኔ ነኝ» አልኋት። ሁለት ቀን ጉልበቷን አየች። በሦስተኛው ቀን ቀና ብላ እኔን አየችኝ፤ ብዙ ቆየች። እኔ ቀድሜ ዓይኔን ዝቅ አደረግሁ። ከዚህ በላይ በአቤቱታ ላይ ማስፈር ስለማይገባ እተወዋለሁ። እንግዳ ሰው ፊት ግን እስካሁን አትደፍርም፤ የአምስት ዓመት ልማድ በአምስት ቀን አይለቅም።

ስለዚህ፦

ሀ) ውጤቱ ተነሥቶ እስከ ኅዳር 13 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ድጋሚ ምዘና እንዲፈቀድላት፤
ለ) ሥዕሎቹ ከሰው ፊት ርቀው፣ ሰሌዳ ላይ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ ተደርገው እንዲቀርቡላት፣ ጠያቂውም ከግራዋ እንዲቀመጡ፤
ሐ) አንገቷ ሳይደክም፣ ከሦስት ሰዓት ሳያልፍ እንድትጠራ፤
መ) ምዘናው እስኪጠናቀቅ ከክፍሏ እንዳትነሣ ለትምህርት ቤቱ እንዲጻፍላት፤
ሠ) ያንኑ ባለሙያ ብትመድቡላት ደስታዬ ነው፤ ጥፋቱ የእሳቸው አልነበረምና።

ልጄ እስከ ኅዳር 13 የቀሩትን አራት ቀናት ፈረቃዋን ከባልደረቦቿ ጋር ተለዋውጣለች። ልጅቱ በየጠዋቱ ከሁለት ሰዓት ጀምሮ ለብሳ ትጠብቃለች፤ በጠራችሁን ሰዓት እንደርሳለን።

ይህን አቤቱታ ከማስገባቴ በፊት የሚመለከታትን ሰው ራሷን መጠየቅ ተገቢ ስለሆነ ትናንት ጠየቅናት። እናቷ «እዚያ ቢሮ እንደገና እንሂድ?» አለቻት። ዓይኗን ጨፈነች፤ ረዥም ጊዜ ጨፍና ቆየች። ወረቀቱን ልቀድደው ነበር። እናቷ ግን ትንሽ አስባ፣ «አያትሽ ከውጭ ብትቀርስ?» አለቻት። ልጅቱ ወደ ጣሪያ አየች።

ፈቃዷ ይህ ስለሆነ አብራት የምትገባው እናቷ ናት።

ከታላቅ አክብሮትና ሰላምታ ጋር፣ ምላሽዎን በጉጉት የምትጠብቅ

ፊርማ ____________
የልጅቱ አያት፣ ጡረተኛ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ

አባሪ፦ የአሥራ አንድ ቀን ደብተር (አንድ)፣ የጥቅምት 13 ደብዳቤ ቅጂ (አንድ)