የድልድዩ ጠባቂ ድምፅ

እሑድ

ሳቅሁ። ሁሉም ሲስቅ እኔም ሳቅሁ፤ እንዲያውም ከሲሳይ ቀጥሎ ብዙ የሳቅሁት እኔ ሳልሆን አልቀርም።

ከመጀመሪያው ልጻፈው። እንደ ሌላው እሑድ ዮናስ ቤት ጨዋታ ነበር። ዮናስ ተራኪያችን ነው፤ አገሩን፣ ጭራቁን፣ መንገደኛውን ሁሉ በአፉ ይፈጥራል። እኛ ሦስታችን የየራሳችንን ሰው ሆነን እንገባበታለን፣ የሚሳካልንንና የማይሳካልንን የምንጥለው ዳይስ ይወስናል። ቤዛ ጎራዴ ያላት ተዋጊ ናት። ሲሳይ ሌባ ነው። እኔ ኤልፍ የምትባል የተረት ፍጡር ነኝ፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ንግግሯ የተስተካከለ። የጨዋታው መጽሐፍ ኤልፍ ሲፈጠር ጥበበኛ ነው ስላለ ነው የመረጥኩት። ኦርክ የሚባለው ጭራቅ ግን ሲፈጠር ቁጡና ደደብ ነው ይላል። ይል ነበር ልበል እንጂ።

ዮናስ ሻይ እንኳ ሳይቀዳ ነው የነገረን። አዲሱ እትም ወጥቷል፣ ስልኩ ላይ አውርዶታል። ከዛሬ ጀምሮ ኤልፍና ኦርክን ዘር አንላቸውም፣ ዝርያ ነው የምንለው አለ። ሲፈጠር ክፉ፣ ሲፈጠር ደደብ የሚባልም ቀርቷል። ቤዛ አጨበጨበች። «እዚህ አገር ዘር የሚለውን ቃል በጨዋታ እንኳ ባንሰማው ይሻላል» አለች። እውነቷን ነው። እኔ ግን የግብርና ጽሕፈት ቤት የከብት አዳቃይ ቴክኒሻን ነኝ፤ ዝርያ የሚለውን ቃል ቀኑን ሙሉ የምጽፈው የላም ካርድ ላይ ነው።

ከዚያ ድልድይ ጋ ደረስን። ጠባቂው ኦርክ ነው። ዮናስ ጉሮሮውን ጠረገና በኦርኩ ድምፅ ተናገረ። የአባቴ ድምፅ ነበር። አፉን በኦሮምኛ የፈታው አባቴ ከከተማ ነጋዴ ጋር ሲነጋገር የሚናገራት አማርኛ፣ የምትጎተተው፣ የምትደናቀፈው። ሲሳይ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። ቤዛ ጎራዴዋን መዘዘች። መሽቶ ስለነበር ውጊያው ለሚመጣው እሑድ አደረ።

ቃሉ ተቀየረ፣ ኦርኩ ግን ያው የአገሬ የካቺሲ ሰው ነው።

ሰኞ

ጉደር መንገድ ላይ ሁለት ግቢ ሄድኩ። አንዷ ላም ረግጣኝ ጭኔ ሰማያዊ ሆኗል። ምሳ ብቻዬን።

ዮናስ ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ የተቀየሩትን ቃላት ዘርዝሮ ላከ። ይሄን ተዉ፣ ይሄን በሉ። ረጅም ነው፣ ተጨንቆበታል። ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉ ቢሆን ኖሮ ነገሩ እንዴት በቀለለኝ። «ዮናስ፣ ስለ ድምፁስ?» ብዬ ጻፍኩ። አጠፋሁት። አውራ ጣት ላክሁ።

ቤዛ አንድ ጊዜ «ካቺሲ መወለድሽ እኮ አይታወቅብሽም» ብላኛለች። አድንቃኝ ነው። አመሰግናለሁ አልኳት።

ማክሰኞ

አከራዬ እትዬ አስካለ ልብስ ሳሰጣ አይተው «ልጄ፣ ሰው የለሽም እንዴ?» አሉኝ። እሑድ እሑድ አለኝ አልኳቸው። ሳቁ። እኔ ግን የምሬን ነው።

አምቦ ከመጣሁ ጀምሮ በስሜ የሚጠራኝ፣ ስቀር የት ሄደች የሚለኝ ያ ጠረጴዛ ብቻ ነው። ከእነሱ በፊት እሑድ ማለት ልብስ ማጠብና መተኛት ነበር። ብናገር ይከፋቸዋል፣ መጀመሪያ ይቅርታ ይሉኛል፣ ከዚያ እኔ ባለሁበት መሳቅ ይፈራሉ፣ ከዚያ መጥራት ይተዋሉ። ካልተናገርኩ በየሳምንቱ በአባቴ መሳቅ አለብኝ። ዋና ነገሩ ይኸው ነው፣ ሌላ ሚስጥር የለውም።

ማታ አባቴ ደወለ። ዓይኑን ሊታይ ሐሙስ ይመጣል።

ረቡዕ

ጾም። ሽሮ አረረብኝ። የአባቴን መኝታ አነጠፍኩ። እኔ መሬት ላይ እተኛለሁ።

ሐሙስ

ይሄን መጻፍ አልፈልግም።

ሐኪሙ ጠብታ አዘዘለት። ዮናስ የሚሠራበት ፋርማሲ ከክሊኒኩ ፊት ለፊት ነው። አባቴን በክንዱ ይዤ መንገድ ሳልሻገር አሳለፍኩትና እስከ መናኸሪያው አካባቢ ወስጄ ከሌላ ፋርማሲ ገዛሁለት። ፀሐዩ ከባድ ነበር፣ ዓይኑ ያለቅሳል። እንዳይገናኙ ነው። ዮናስ ድምፁን እንዳይሰማ፣ ኦርኩን እንዳያስታውስ፣ ፊቱ ላይ ፈገግታ እንዳላይ።

አባቴ ዓይኑ ቢደክምም ልቡ አይደክምም። «ጓደኛሽ የሚሠራው እዚያ አይደለም ወይ?» አለኝ። ሥራ ይበዛበታል አልኩት። «ታዲያ ሰላም ሳይሉት ያልፋሉ? እኔ እኮ የማናግረውን አማርኛ አውቶቡስ ላይ ሳዘጋጅ ነው የመጣሁት።»

ዮናስ ኦሮምኛ እንደሚችል አባቴ ያውቃል። ግን አባቴ ዘንድ ሰውን በሰውየው ቋንቋ ማናገር አክብሮት ነው። የምትደናቀፈው አማርኛ ክብር መስጫው ናት። ለእንግዳ እንደምትወጣ ጋቢ ነው የሚያወጣት። እኔም እሑድ ሳቅሁባት፣ ዛሬ ደግሞ ደበቅኋት። አፈርኩ። በእሱ አይደለም።

ዓርብ

ማለዳ ሸኘሁት። አውቶቡሱ ውስጥ አጠገቡ የተቀመጡትን ሴትዮ የልጆቻቸውን ጤና እየጠየቀ ነበር፤ አያውቃቸውም። አውቶቡሱ እስኪነሳ የሴትዮዋን ከብቶች ጤና ጠይቆ አልጨረሰም።

ቅዳሜ

እቀራለሁ። አይ፣ እሄዳለሁ። አሞኛል ልበል? ብቀር ማንም ምክንያቱን አያውቅም፣ ኦርኩም እንደዚያው ሲናገር ይኖራል።

እሑድ

ሄድኩ። ሻዩን አልነካሁም።

ዮናስ ካቆምንበት ጀመረ። ድልድዩ፣ ጠባቂው፣ ያ ድምፅ። ሲሳይ ሳቁ እንዳያመልጠው ገና ከአሁኑ አፉን ይዟል። ቤዛ ለመምታት ዳይሱን አነሳች። «ቆይ፣ መጀመሪያ ሰላም ልበለው» አልኩ። ኤልፌን ሆኜ ወደ ኦርኩ ተጠጋሁ፣ ዮናስን ዓይን ዓይኑን እያየሁ በኦሮምኛ እንዴት ነህ ብዬ ሰላምታ ጀመርኩ። አካም ጅርታ? ነጋ?

ዮናስ አምቦ ተወልዶ ያደገ ልጅ ነው። ሰላምታ ሲመጣለት መመለስ እንጂ ማቋረጥ አያውቅም፤ እዚህ ማንም አያውቅም። «ነጋ፣» ሰላም ነው፣ አለ በኦርኩ ድምፅ። ቤቱ ነጋ? ነጋ። ልጆቹስ? ነጋ። ከብቱስ? ጥጆቹስ? የዘንድሮው ዝናብስ? አባቴ እንደሚያደርገው ሳልቸኩል፣ አንዱን ሳልዘል። ልጆቹ ጋ ስንደርስ ያ የኦርክ ድምፅ መሳሳት ጀመረ። ጥጆቹ ጋ ጠፋ። ወደ ፋርማሲው ለሚመጡ አዛውንት በሚመልስበት በራሱ ድምፅ ነበር የሚመልስልኝ። ከዚያም ተራው ደረሰና እሱ እኔን መጠየቅ ጀመረ። አባትሽስ ነጋ?

«አባቴ ሐሙስ ዓይኑን ሊታይ እዚህ ነበር» አልኩ በአማርኛ። «አማርኛ ሲናገር ልክ እንደዚህ ጠባቂ ነው የሚናገረው። ባለፈው ሳምንት ስስቅ እሱ ላይ ነው የሳቅሁት።»

ሲሳይ የሶፋውን ክር ይጎትታል። ቤዛ ዳይሱን ቀስ ብላ አስቀመጠችና «ታዲያ ለምን አላመጣሽልንም?» አለች። ዮናስ ስልኩን፣ ያን አዲሱን መጽሐፍ፣ በፊቱ ደፋው። «ጠባቂው እለፉ ብሏል» አለ። ተሻገርን። ከዚያ ወዲያ ጨዋታው አልሞቀም፣ ከወትሮው ቀድመን ተነሳን። ስንለያይ ለሚመጣው እሑድ ያለ ሰው የለም።

ቤቴ ገብቼ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ተቀመጥኩ። አለቀ ብዬ ነበር። አለቀስኩ።

ምሽት ላይ ዮናስ ደወለ። መጻፍ ሲችል ደወለ። «አባትሽ መድኃኒቱን የት ገዙ?» አለኝ። መናኸሪያው ጋ አልኩት። ከክሊኒኩ መናኸሪያው ምን ያህል እንደሚርቅ ያውቃል። «ሰላም በይልኝ» ብሎ ዘጋ።

ለአባቴ ደወልኩ። ዮናስ ሰላም ብሎሃል አልኩት። ደስ አለው። እሱስ ደህና ነው? እናቱስ? ቤቱስ? ከብቱስ?

«ከብት የለውም፣ አባ። ፋርማሲ ነው የሚሠራው።»

ጥቂት አሰበ። «እንግዲያው መድኃኒቶቹስ ደህና ናቸው ወይ በይልኝ» አለ።

እንዳለ ጽፌ ለዮናስ ላክሁለት። ስልኩ «እየጻፈ ነው» ይላል። ቆየ። አሁንም እየጻፈ ነው።