ተሳቢው ብቻውን ቆሞ

ሰኞ

ተስፋዬ ዋሸኝ። ልጄ ነው፤ ሲዋሽ አንገቱን እንደሚያክ ከሕፃንነቱ ጀምሮ አውቃለሁ።

ትከሻዬ ላይ የበቀለውን እብጠት ሊያሳይልኝ ሐኪም ቤት ወስዶኝ ነበር። ዶክተሩ ነካካው፣ ተጫነው። ከዚያ እኔን እንደ ጆንያ መሃል አስቀምጠው ሁለቱ በእንግሊዝኛ ተነጋገሩ። አንድ ቃል ደጋገሙ። የቃሉ ፊት አመለጠኝ፣ ኋላው ብቻ ጆሮዬ ውስጥ ቀረ፦ ኦማ።

ባጃጅ ውስጥ «ምን አለህ?» አልኩት።

«ምንም አይደል አባዬ። ትንሽ ነገር ናት። ሐሙስ ትወጣለች።» አንገቱን አከከ።

ምንም አይደል! ባለቤቴን አስካለንም፣ ነፍሷን ይማርና፣ ወንድሟ እንዲሁ ነበር ያላት። ዶክተሩ እሱን ለብቻው ውጭ ጠርቶ ነግሮታል። እሷ ምንም አይደል እንደተባለች ሞተች።

ማክሰኞ

የጎረቤቴ የሐጂ አብዲ ልጅ ሆዳን ነርስነት ትማራለች። በአጥር ጠራኋት። ለምን እንደምጠይቅ አልነገርኳትም።

«አደር፣» አለች። አጎቴ ማለቷ ነው በሶማሊኛ፤ ሁሌም እንዲያ ነው የምትለኝ። «የሕክምና ቃል እኮ የተገጣጠመ ነው። ፊተኛው የቱ የሰውነት ክፍል እንደሆነ ይነግርዎታል። ኋለኛው ምን እንደደረሰበት።»

«መኪና ከነተሳቢው በዪኛ!»

ሳቀች። ዕድሜዬን ሙሉ ከድሬዳዋ ጅግጅጋ ተሳቢ ስጎትት የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ይሄ አይጠፋኝም። የነገረችኝን ጻፍኩ፦

ጋስትሮ ጨጓራ። ሄፓ ጉበት። አይቲስ መቆጣት። ጋስትራይቲስ እንግዲህ የጨጓራ መቆጣት፣ ሄፓታይቲስ የጉበት። ኤክቶሚ ቆርጦ ማውጣት።

ደስ አለኝ። መሠረተ ትምህርት ገብቼ ስሜን የጻፍኩ ቀን ነው እንዲህ የሆንኩት።

ከዚያ እንደ ዋዛ «ኦማስ?» አልኳት።

ሳቋ ቆመ። «እብጠት ነው፣ እጢ። ግን ብዙ ዓይነት አለ አደር። ከፊቱ ምን ነበረበት?»

«ገባኝ፣ በይ ሂጂ።»

አልገባኝም ማለት አልወድም። ሳቋ ሲቆም ግን አይቻለሁ።

ረቡዕ

ካንሰር ነው። ሌላ ምን ይደበቃል?

ሳልሞት የማደርገው፦
ቄሱን ማናገር። ከአስካለ ጎን ያለውን ቦታ ሰው እንዳይቀድመኝ።
መፍቻዎቼን ለተስፋዬ። አይ፣ እሱ ቢሮ ነው የሚውለው፣ ያዝጋቸዋል። ለሐጂ አብዲ።
ፍየሏ ለሆዳን እናት።
ጥቁሩን ኮት ማሳጠብ።

ኮቱን ለካሁት። ሰፍቶኛል።

ተስፋዬ ከሥራ ሲወጣ መጣ። አልቆረጥም አልኩት። የአስካለን እብጠት ምላጭ ነካው፣ ነፋስ ገባበት፣ ሰውነቷን አዳረሰው። እኔን አይነካኝም። ለመነኝ። ተቆጣ። በሩን ላዬ ላይ ዘግቶ ወጣ። ውጭ ቆሞ ሲያለቅስ ሰማሁት። ልጄ ለትንሽ ነገር አያለቅስም።

ሐሙስ

ቀጠሮው ዛሬ ነበር። ቤቴ ዋልኩ።

ሐጂ አብዲ ሳያንኳኳ ገባ። ድሮ ዕቃውን የምጭንለት ነጋዴ ነው፤ ቤቴ የራሱ ነው የሚመስለው። ሆዳን ስለ ኦማው፣ ተስፋዬ ስለ ምላጩ ነግረውታል።

«ወርቁ! ካራማራን ፍሬኑ በተበጠሰ መኪና ወርደህ ዛሬ ምላጭ ፈራህ? ወላሂ ገበያ ወጥቼ ነው የማወራብህ!»

«ኦማ ነው ያለው። በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

«ምን ኦማ?»

ፊተኛውን አልሰማሁትማ።

«ያን ጊዜ ጭነት ከብዶህ ተሳቢህን ካራማራ ሥር ፈትተህ፣ መኪናውን ብቻ ይዘህ ዳገቱን ስትወጣ ትዝ ይልሃል? መንገደኛው ተሳቢው ብቻውን ቆሞ አየ። ወርቁ ገደል ገባ አለ። አስካለ ፀጉሯን ስትነጭ አልዋለችም? አንተ ዳገቱ ራስ ላይ ሻይህን ትጠጣለህ!»

«ሻዩ ቀዝቃዛ ነበር» አልኩት።

ተሳቢ እንዴት እንደሚጎተት ለማንም አስተምራለሁ። ተሳቢ ብቻ አይቶ ማልቀስ ግን የመንገደኛ ሥራ ነው ብዬ ስቄበት ነበር፤ አሁን ኦማን ብቻ ሰምቼ እኔው መንገደኛ ሆንኩ።

ዓርብ

ጥቁሩን ኮት ለብሼ ብቻዬን ሐኪም ቤት ሄድኩ።

ዶክተሩ ከኋላዬ በሩን አየ። «ቤተሰብ አልመጣም አባባ?»

«ቤተሰቡ እኔ ነኝ። ቃሉን ከነፊቱ ንገረኝ። በአማርኛ።»

«ሊፖማ ይመስለኛል። ሊፖ ስብ ማለት ነው። የስብ እጢ ነው፣ አይገድልም።»

«ይመስለኛል?»

«ጠንከር ብሎብኛል፣ ቶሎም አድጓል። ሌላ ሊሆን ይችላል። ልጅዎ እሱን ነው የፈራው። ወጥቶ ካልተመረመረ ማንም ቁርጡን አያውቅም።»

«ነፋስ ቢገባበትስ?»

«ነፋስ አያሰራጨውም። የሚጎዳው መቆየቱ ነው።»

በዚህ ክሳቴ ስብ! ሊያስቀኝ ነበር፣ «ሌላ» የሚለው ያዘኝ።

«በል ቁረጠው። ውጤቱ ሲመጣ ግን የምትጠራው እኔን ነው፣ ልጄን አይደለም።»

እሺ አለ። እጁን ዘርግቶ ጨበጠኝ።

በሳምንቱ ማክሰኞ

ወጣ። አሳዩኝ ብዬ ድርቅ ስላልኩ አሳዩኝ። ሎሚ የሚያህል ቢጫ ነገር። በብልቃጥ አድርገው ለምርመራ ላኩት። ስፌቱ ይቆጠቁጠኛል፤ ይህን የምጽፈው ጎንበስ ብዬ ነው።

ተስፋዬ በባጃጅ መለሰኝ። ዛሬ አንገቱን አላከከም። መንገዱን እያየ «አባዬ፣ ሌላው ቢሆንስ?» አለኝ።

«ምንም አይደል» አልኩት።

ዞር ብሎ አየኝ። እጄ አንገቴ ላይ ነበር።

አወረድኩት። «አላውቅም ልጄ» አልኩት። «የቃሉ ፊት ገና አልመጣም። ሲመጣ አብረን እንሰማለን።»

እሺ አለ። ቤት ስንደርስ ደግፎ አወረደኝ።