ስለ ዓሣ ገንዳው ክዳንና ስለ መረጡለት ቀለም የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ አቶ ዮፍታሄ
የመረዳጃ እድራችን ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ፓርክላንድስ፣ ናይሮቢ

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም፣ ባለቤትዎም፣ ሩንዳ ያለው የተከበረ ቤትዎም በሙሉ ጤና እንደ ሰነበታችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። የወገብዎ ሕመም ከስብሰባ ብዛት የመጣ መሆኑን ሰምቼ አዝኛለሁ፤ ለእኛ ሲሉ ስንት ዓመት ከወንበርዎ ሳይነሡ እንደ ኖሩ የማያውቅ የለምና እግዚአብሔር ይማርዎት። እኔ ደህና ነኝ። አባቴ ግን ደህና አይደለም፤ ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፈውም ለእሱ የዋሉለት ውለታ በአባላቱ ሁሉ ዘንድ እንዲታወቅ ነው።

አባቴ አቶ ባልቻ ከአዲስ አበባ መጥቶ ኪሊማኒ ከእኔ ጋር መኖር ከጀመረ ወዲህ የመርሳት ሕመሙ እየባሰበት ሄዶ፣ ዛሬ እኔን ልጁን «አንቱ» ይለኛል። ሥራ ስገባ የሚውለው በእድራችን አዳራሽ፣ በአረጋውያን መዋያ ክፍል ውስጥ ነው። በዚያ ክፍል ካለው ነገር ሁሉ ቀልቡን የሚስበው የዓሣ ገንዳው ብቻ ነበር። ዓሦቹን በሞቱ ወንድሞቹ ስም ይጠራቸዋል፤ ትልቁ አስቻለው ነው፣ ጅራቱ የተቆረጠው ደግሞ ኪሩቤል። የገዛ ስሙ የጠፋበት ሰው እነሱ ፊት ሲቀመጥ ያወጋል፣ ይስቃል፣ ምሳውንም ይበላል፤ ሌላ ቦታ ግን ጉርሻ እንኳ አይቀበልም። ስለዚህ ዓሦቹ ለእኔ የክፍል ጌጥ አልነበሩም።

አንደኛው ዓሣ ዘሎ ወለሉ ላይ ስለ ወደቀ፣ ቤቴ በረንዳ ላይ በገዛ እጄ ከጣውላ ክዳን ሠርቼ አመጣሁ። ከዚያ በኋላ የሆነውን በቁጥር ላስቀምጠው፤ ኮሚቴው ያልተቆጠረ ነገር እንደማይወድ አውቃለሁ።

፩. ስለ ቀለሙ። ከውሃ በላይ የሚቀመጥ እንጨት ቀን ከሌት ያልበዋል። ስለዚህ የክዳኑን ውስጥ ሽታ የሌለው፣ በውሃ የሚበጠበጥ ቫርኒሽ ሦስት እጅ ስስ ስስ አድርገን እንድንቀባው፣ በየመሀሉ በብርጭቆ ወረቀት እንድናለሰልሰው፣ ውሃ የሚገባው በተቆረጠው ጠርዝ በኩል ስለሆነ ጠርዙን ደኅና አድርገን እንድንደፍነው፣ ከዚያም ሽታው እስኪጠፋ ሦስት ሳምንት ያህል እንድንተወው በጉባኤው ፊት በትሕትና ለምኜ ነበር። እርስዎ ግን የክብር አባላችን አቶ ከሊድ ሻጋታ የሚገድል የመታጠቢያ ቤት ቀለም በስጦታ ማምጣታቸውን፣ የሰው ስጦታ ወዲያ ማለትም ነውር መሆኑን አስረዱኝ። ሻጋታውን የሚገድለው በውስጡ ያለው መርዝ እንደሆነ፣ ላቡም ያንን መርዝ ይዞ ውሃው ላይ እንደሚንጠባጠብ ብናገር «ሻጋታ የገደለ እርጥበት ያቅተዋል?» ብለው ጉባኤውን አሳቁት። አቶ ከሊድ ኋላ እንደ ነገሩኝ ጣሳውን ያመጡት ለአዳራሹ ሽንት ቤት ግድግዳ ነበር፤ ክዳኑ ላይ ይዋል ያለ የለም፣ እሳቸውንም የጠየቃቸው የለም። እርስዎ ማንም ያልጠየቀዎትን ይሉኝታ በእኛ ዓሦች ከፈሉት።

፪. ስለ ፍጥነትዎ። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ትልቅ እንግዳ ይመጣሉ ተብሎ ክዳኑ ዓርብ ተቀብቶ እሑድ ተመረቀ። ቀለም ቀቢው ፉንዲ ራሱ ገና አልደረቀም፣ ይቆይ ቢልዎት «ሃኩና ሺዳ»፣ ችግር የለም፣ ብለው ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። ሪባን ተቆረጠ፣ ተጨበጨበ። ፎቶዎ በእውነት ያምራል፤ ከኋላዎ አባቴ መስታወቱን ተጠግቶ ለአስቻለው አንድ ነገር ሲያጫውተው ይታያል።

፫. ማክሰኞ ጠዋት ዓሦቹ ሁሉ ሞተው ተንሳፍፈው ተገኙ። ያገኛቸው አባቴ ነው። ጋቢውን አዘቅዝቆ ለብሶ ገንዳው አጠገብ ተቀመጠ። እኔ ተጠርቼ ስደርስ «ወንድሞቼ አለቁ፤ ድንኳኑስ? ሰውስ አልመጣም እንዴ?» አለኝ። ሀገሩ ሳለ ዕድሜውን በሙሉ እድርተኛ ነበርና ሰው ሲሞትበት እድር እንደሚመጣ ያውቃል፤ የረሳው ብዙ ነው፣ ይህን ግን አልረሳም። እርስዎ በዚያች ሰዓት ከጎናችን ባለው ክፍል ስብሰባ ላይ ነበሩ። ስለዚህ ጸሐፊያችን ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ብቅ ብለው የእድሩ መተዳደሪያ ደንብ ዓሣን እንደማይመለከት ነገሩኝ። ደንባችንን ስለ ጠበቁልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። እኔ የፈለግሁት ድንኳን አልነበረም፤ አንድ ሰው መጥቶ ከጎኑ ትንሽ እንዲቀመጥለት ነበር። ተናድጃለሁ፣ አቶ ዮፍታሄ፤ አልቅሻለሁም። አባቴ ከዚያን ቀን ጀምሮ ቃል አልተነፈሰም፣ ምግብም በግድ ነው። ሐኪሙ በዚህ ከቀጠለ ብዙ እንደማይቆይ ነግሮኛል።

፬. ቀለሙም ተልጧል፣ እንጨቱም አብጧል። እርጥበቱ አቅቶታል።

በተረፈ ወገብዎን ያጽናልዎት፣ ወንበርዎንም ያርዝምልዎት እያልኩ፣ ለጉባኤው ሳቅ ምክንያት የመሆን ዕድል ስለ ሰጡኝ ደግሜ ደጋግሜ እጅ እነሣለሁ።

መዋጮዋን ያላቋረጠች፣ ደንብ የማይመለከተው ሐዘን ያለባት የእድርዎ አባል
ሐሊና ባልቻ
ከኪሊማኒ

ማሳሰቢያ፦ ኮሚቴው ለካሣ ይሆን ዘንድ በገንዳው ውስጥ ያስገባቸውን በባትሪ የሚዋኙ የፕላስቲክ ዓሦች ትናንት አይተናል። ምግብ የማይጠይቁ፣ ቀለምም የማይገድላቸው በመሆናቸው አርቆ አሳቢነትዎን አደንቃለሁ። አባቴም ፊታቸው ተቀምጦ ሲመላለሱ ለረጅም ጊዜ አያቸውና ከስንት ዝምታ በኋላ አፉን ከፈተ። «እነዚህስ መቼ ነው የሞቱት?» አለኝ። ጥያቄውን ለሚመለከተው አካል፣ ለእርስዎ፣ መርቼዋለሁ።