ክር የገባባቸው አሥራ ሁለት መርፌዎች

ውድ ዝግታዬ፣

እንዴት ሰነበትሽ? ሱቃችንስ? ጽሑፉን አይተሽ «ለእትዬ ማን ጻፈላት?» እንዳትዪ። ራሴ ነኝ፣ በራሴ እጅ። ሁለት ዓመት እስክሪብቶ ያልጨበጥኩት ሴትዮ ይኸው በመስመሩ ላይ ቀጥ ብዬ እየሄድኩ ነው። ከመስመር የወጣ ፊደል ካገኘሽ ባሌ ጠረጴዛውን ነክቶብኝ ነው። በስልክ «ተሳክቷል፣ ደህና ነኝ» ብዬሽ ቶሎ የዘጋሁት ወሬ ጠፍቶኝ አይደለም። የምነግርሽ ነገር በስልክ የሚባል አልሆነልኝም።

ባሌ ለዚህ ጉዞ እንዴት አሻፈረኝ እንዳለ ታስታውሺያለሽ። እኛ ጋ ያለው የግል ክሊኒክ የዓይኔን ሞራ ለመግፈፍ ከጠየቀን ዋጋ፣ እዚህ ከነአውሮፕላኑና ከነማደሪያው እንደሚረክስ ስንሰማ «ርካሽ ሐኪም ደግሞ ምን የሚሉት ነው? ዓይን እንደ ሸሚዝ በቅናሽ ይገዛል?» አለ። ያሳመንሽው አንቺ ነሽ። «ጋሼ፣ እኛስ ከትልልቆቹ ሱቆች በግማሽ ዋጋ አይደል የምንሰፋው? የእትዬ ስፌት ሲተረተር አይተው ያውቃሉ?» አልሽው። እሱም ጉሮሮውን ጠርጎ ሻንጣ ፍለጋ ተነሳ። ያን ስትዪ ፊትሽ ምን ይመስል እንደነበር አላየሁም። ያኔ የማንንም ፊት አላይም ነበር።

ልንነሳ ስንል አንዲት ቁራጭ ጨርቅ ሻንጣዬ ውስጥ ከተትሽልኝ። በዚያች ግራ እጅሽ ክር ያስገባሽባቸው አሥራ ሁለት መርፌዎች ተደርድረውባታል፣ ስድስቱ ነጭ፣ ስድስቱ ጥቁር። «ቁልፍ ቢበጠስብሽ ማን ክር ያስገባልሻል? ጋሼ እንደሆኑ መርፌና ሚስማር አይለዩም» አልሽኝ። እኔም «ዓይኔ ካልዳነ የስፌት መኪናዬን ለማን እንደምትሰጪው አስበሽ ቆዪ» አልኩሽ። ሳቅሽ። እኔ ግን አልቀለድኩም ነበር። ከአሥራ ስድስት ዓመቴ ጀምሮ ከስፌት ሌላ የማውቀው ሥራ የለኝም፤ ሳልሰፋ ማን እንደምሆን አላውቅም። ፈርቼ ነበር፣ በጣም።

እንግዲህ ደረስን። አርባ ዓመት አውቶቡስ የነዳ ሰው በሌላ ሰው መኪና ሲሄድ እንዴት እንደሚሆን አትጠይቂኝ። ከአውሮፕላን ማረፊያው እስከ ሆስፒታሉ የሌለ ፍሬን በእግሩ ሲረግጥ፣ እንደ ሾፌሩ እሱም ላብ በላብ ሆኖ ነው የደረሰው። ሆስፒታሉ ንጹሕ ነው። የእኛን ቋንቋ የምትናገር አስተርጓሚ መደቡልን፤ ቀልጣፋ ልጅ ናት፣ አፏም እንደ እጇ ፈጣን ነው። አራት አልጋ ያለበት ክፍል ሰጡኝና «ይኼን ይልበሱ» ብለው ጋውን አቀበሉኝ።

ዝግታዬ፣ ጋውኑ ከኋላው ክፍት ነው። ክፍት ስልሽ ከአንገቱ እስከ ታች፣ ሁለት ቀጫጭን ማሰሪያ ብቻ ይዞት የቆመ ነገር። ልጅቷን «የኔ ልጅ፣ ይኼ ልብስ ሳያልቅ ነው የሰጡኝ» አልኳት። «የለም እማማ፣ አሠራሩ ነው» አለችኝ። የስንቱን ገመና ስሸፍን ኖሬ የራሴን ለሰው አገር ልግለጥ? ለኦፕራሲዮን ልጠራ አንድ ሰዓት ሲቀረኝ ባሌን በር ላይ አቆምኩት። ጋውኑን ጭኔ ላይ ዘረጋሁና ከአሥራ ሁለቱ አንዷን መርፌ ይዤ፣ ጭንቅላት የሚያሳልፍ ብቻ ትቼ፣ በዳበሳ ከላይ እስከ ታች ዘጋሁት። ደግሞ እንዳይተረተር ደርቤ ሰፋሁት። በአንገቴ አጥልቄ ጋደም አልኩ፣ እንደ ሰው።

ነርሷ መጣች። ደረቴ ላይ የምትለጥፈው ሽቦ አላት፤ ልብሱን ከኋላ ልትፈታ ብትል መፍቻ የለውም። አገላበጠችኝ። ሌላ ነርስ ጠራች፣ እሷም አገላበጠችኝ። በሦስተኛው አስተርጓሚዋ መጣች።

«እማማ፣ ይኼን ምን አገኘው?»

«ጨረስኩላችሁ» አልኳት።

«በምን?»

«በመርፌ ነዋ።»

«መርፌዋስ የት አለች?»

ክው አልኩ። የት አለች? ጨርቋ ላይ ቢቆጠር አሥራ አንድ። ይኼኔ ክፍሉ ታመሰልሽ። አንሶላው ተራገፈ፣ ትራሱ ተዳበሰ። ጎኔ የተኙት ሴትዮ ከነፋሻቸው ተነስተው ቆሙ። የእኔው ሰውዬ አልጋ ሥር ገብቶ እግሩ ብቻ ነው የሚታየው። «ሠላሳ ዓመት ሚስቴ መርፌ ስትጥል እኔ ስፈልግ፣ እዚህም ተከተለችኝ» ሲል ይሰማኛል። ነርሶቹ መርፌዋ ሳትገኝ ኦፕራሲዮን የለም አሉ። በመጨረሻ ያገኘቻት ማን ትመስልሻለች? ወለል ልትወለውል የመጣችው ሴት። አንድ ጊዜ አየችኝና በጣቷ ወደ ደረቴ ጠቆመች። እኛ ሰፊዎች መርፌ ስንጨርስ የት ነው የምንሰካት? እዚያው ነበረች፣ ከነክሯ፣ ልቤ ላይ። የጠዋት ተራዬ ተቃጥሎ የከሰዓቱ መጨረሻ ሆንኩ።

ሐኪሙ ግን አልተቆጣም። በመቀስ የቀደዱትን ጋውን አንስቶ ስፌቱን በመስኮቱ ብርሃን አየው። «ይኼን ሳያዩ ነው የሰፉት?» አለኝ በልጅቷ አፍ። አዎ ስለው «እኔ እያየሁም እንዲህ አልሰፋም» አለ። ዓይኔን ቀዶ በስንት ስፌት እንደሚዘጋው ብጠይቀው ምንም እንደማይሰፋ፣ ቀዳዳዋ ትንሽ ስለሆነች ራሷ እንደምትገጥም ነገረኝ። ሳይሰፉ መተው ምን ዓይነት ሙያ ነው ብዬ በሆዴ ታዘብኩት። ሲሠራልኝ አልተሰማኝም። እጄን የያዘችው ያቺ አገላብጣኝ የነበረችው ነርስ ናት።

በማግስቱ ከአንደኛው ዓይኔ ፋሻው ተነሳ። መጀመሪያ ያየሁት ባሌን ነው። «ምነው እንዲህ አረጀህ?» አልኩት። «አንቺ ሳታዪኝ ነው ያረጀሁት» አለና ዓይኑን በእጁ ጠረገ። ሁለታችንም ሳቅን፣ ደግሞ ሁለታችንም አለቀስን። ማደሪያችን ስንመለስ ከሻንጣው ግራጫ ኮቴን አወጣሁት። ለጉዞው ብዬ የሰፋሁት፣ «እጄ እኮ አልከዳኝም» እያልኩ የተኩራራሁብሽ ኮት። ሥራዬን በደንብ ላየው ፈለግሁ።

ጫፉን ገለበጥኩት። ስፌቱ ወደ ግራ ያዘነብላል።

የእኔ ስፌት ወደ ቀኝ ነው የሚያዘነብለው፣ አንቺ ታውቂዋለሽ። ገበሩን ገለበጥኩ፣ የአንቺ ግራ እጅ። የቁልፍ ቀዳዳዎቹም የአንቺ እጅ። የባሌን ሱሪዎች አመጣሁ፣ እነሱም። ቀና ብዬ ሳየው ሰውዬው ጫማውን እያየ ነው። «ጃንጥላዬን ረስቼ የተመለስኩ ቀን ስትተረትር አገኘኋት» አለኝ። «አንቺ የሰፋሽውን ትፈታለች፣ ደግማ ትሰፋለች። ለእትዬ ከነገሯት ይቺን ሱቅ ዳግም አልረግጣትም ብላ አስማለችኝ።»

ሁለት ዓመት ሙሉ ደንበኞች «የእትዬ እጅ እንደሆነ አሁንም ያው ነው» ሲሉ እያመሰገንኩ የተቀበልኩት የአንቺን ነበር። እኔ መኪናዬን ሸፍኜ ስወጣ አንቺ ሥራሽን እንዳልጨረስሽ ሁሉ ትቀመጫለሽ። «ዛሬም አልጨረስሽም? አይ ዝግታ» እያልኩሽ ነው የምሄደው።

አሁን በስልክ ያልተባለው ነገር። ደንበኛችን መምህሯ ቀሚሷን ይዛ የመጣች ቀን አልረሳሁም። አንደኛው እጅጌ ዞሮ የተሰፋው፣ ታስታውሺዋለሽ። የሰፋሁት እኔ ነበርኩ፣ አንቺም ታውቂያለሽ። «ማነው የሰፋው?» ስትል ግን ወደ አንቺ ዞሬ «እሷ ቸኩላ ነው» አልኩ። አንቺ፣ በሕይወትሽ ቸኩለሽ የማታውቂዋ ሴት። ቀሚሱን ተቀብለሽ «ይቅርታ፣ አስተካክለዋለሁ» አልሽ። ቀኑን ከባሌ ጋር ስንቆጥረው መተርተር የጀመርሽው ከዚያ በኋላ ነው። በዋሸሁብሽ ፈንታ ልትሸፍኚኝ ተነሳሽ። አፈርኩ ዝግታዬ። ይቅር በይኝ።

በሚመጣው ሳምንት ሁለተኛው ዓይኔ ይሠራል። ጋውኑን አልነካም ብዬ ምያለሁ፤ ነርሶቹም አላመኑኝም፣ መርፌዎቼን ተቀብለው እስክወጣ ሊያስቀምጡልኝ ነው። ስመለስ መጀመሪያ የምሄደው መምህሯ ቤት ነው፣ እጅጌውን ያበላሸሁት እኔ ነኝ ብዬ ልነግራት። አብረሽኝ ትሄጃለሽ። «ተይ እትዬ፣ ያለፈ ነገር ነው» ብትዪ አልሰማሽም።

ባሌ «እንግዲህ ኮቱን ተርትረሽ በራስሽ እጅ ስፊው» ይለኛል። አልነካውም፣ እሱኑ ለብሼ ነው የምመጣው። መርፌዎቹን ግን ትናንት መስኮት ሥር ተቀምጬ ክራቸውን አወጣሁና መልሼ በራሴ ዓይን አስገባሁ፣ አንድ በአንድ፣ እየቆጠርኩ። አሥራ አንዱን። አሥራ ሁለተኛዋን አንቺ እንዳስገባሽው ተውኳት።

መኪናዬንም ለማንም አትስጪ። እኔው እመለስበታለሁ፤ ከአንቺ የምወስደው ነገር ግን አለ። ያን ያወጣሁልሽን ስም መልሺልኝ። የሁለት ሰው ሥራ የምትሠራ ሴት እንዲያ አትባልም። አጠገቧ ተቀምጣ የምትሠራላትን ሰው ለማየት ሁለት ዓመት የፈጀባት ሌላ ናት።

ያንቺዋ፣

ዝግታ