የማዕዘኑ ረጃጅሞች

ግንቦት 21
ዘራን! ፈቃዱ በስሜ ነው። ባንግ፣ ያው ካናቢስ፣ ለቃጫ... አያቶቼ ገመድ ሲገምዱበት የኖሩት ተክል፣ አሁን በሕግ። ደንቡን ለአጎቴ ጉማን አነበብኩላቸው። ዘሩ ከመንግሥት ብቻ። ከአጨዳ በፊት ምርመራ። አስካሪነቱ ከዜሮ ነጥብ ሦስት በመቶ ካለፈ ማሳው ይቃጠላል።
"ተክሉስ ማንበብ ይችላል፣ የኔ ምሁር?" ብለው ሳቁ።
ከዚያ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ የማሳው ማዕዘን ላይ ጎንበስ አሉ። የመጀመሪያዋ ጭብጥ ዘር የቡሚያ ናት፤ የመሬታችን ጠባቂ አምላክ። ከየትኛው ከረጢት ዘገኑ? አልጠየቅኩም።

ነሐሴ 9
ቁመቴን አልፏል። የማዕዘኑ ደግሞ እጥፍ! አፈሩ ይሆን?

መስከረም 17
ተቆጣጣሪው ካንድዋል አቀበቱን እያለከለከ መጣ። አጎቴ ወፍጮ ቤት ነበሩ።
"ናሙና ከየት ልቁረጥ?"
"ይምጡ፣ ቁንጮዎቹን ላሳይዎት!" ማዕዘኑ ድረስ እየሮጥኩ መራሁት። ከረጃጅሞቹ ቆረጠ። የማጓጓዣ ፈቃዱንም ሰጠኝ፤ ሸራ የለበሰ መኪና፣ በተጻፈው መንገድ ብቻ። ዛሬ እንቅልፍ የለም... ደስታ!

ጥቅምት 8
የምርመራው ውጤት መጣ፤ አንድ ነጥብ አራት በመቶ።
አጎቴ አልጮሁም። "የእናቴ ዘር ነው። ቡሚያን በመንግሥት ዘር ላታልለው?" ከዚያ፣ "ይሄን ሁሉ ማሳ ትቶ ማዕዘኗን ማን አሳየው?"
የውጤቱን ወረቀት አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩት።

ጥቅምት 11
ካንድዋል ከነፖሊሶቹ፣ ከነጋዙ መጣ።
"ማዕዘኑን ብቻ እንጨደው፣ እባክዎ..."
"ደንቡ ማሳ ነው የሚለው፣ እህቴ።"
አጎቴ ማጭድ ይዘው ወረዱ። "በአባቴ መሬት ላይ? እሳት?" አንዱ ፖሊስ አንገታቸውን አነቀ። ማጭዱ አንዴ ብልጭ አለ። ጣት... ጭቃው ላይ ጣት አየሁ። ከዚያ ዱላ። ራሳቸው ላይ ሲያርፍ ድምፁ የእንጨት ፈለጣ ነበር። ወድቀውም አልተዋቸውም። የግራ ዓይናቸው ፈሰሰ። የአንዱን ክንድ ነከስኩ፤ የሰው ደም ጣዕም አሁንም አፌ ውስጥ አለ። በእርግጫ ወደ ታችኛው እርከን ወረወረኝ። እዚያ ሆኜ ጭሱን አየሁ። እርጥብ ባንግ ቶሎ አይነድም።

ጥቅምት 12
ትናንት ማታ የፖሊሶቹ ጂፕ ጣቱ የተቆረጠውን ይዞ ሄደ። አጎቴ ለቃጫው በተከራየሁት መኪና ላይ፣ ሸራው ስር፣ እጃቸው ታስሮ። ኬላው ላይ ዘቡ ወረቀቱን አገላበጠ።
"ባንግ ነው የሚለው። ባንጉ የታለ?"
"ተቃጠለ።"
"ታዲያ ይሄ ምንድን ነው?"
"አጎቴ ናቸው።"
"ወረቀቱ ላይ የሉም።"
አጃቢው ፖሊስ እስኪሰድበው ቆምን። ደሙ በጎማው ላይ ይንጠባጠብ ነበር።

ጥር 27
በዋስ ተፈቱ። ቤት ሳይገቡ ቀጥታ ማዕዘኑ። አመዱ ጠንክሯል። በቀረችው ዓይናቸው አዩኝ።
"ማን ነው ያሳየው?"
"እኔ። እየሮጥኩ።"
በጥፊ አጮሉኝ። ከንፈሬ ተሰነጠቀ። አላለቀስኩም... ስጠብቃት የኖርኳት ጥፊ ነበረች። እሳቸው ናቸው ያለቀሱት፣ በአንድ ዓይን።
"ፈቃድሽስ?"
"ተሰረዘ።"
ከመቀነታቸው ቋጠሮ ፈቱ። የእናታቸው ዘር። መዳፌ ላይ አፍስሰው ጣቶቼን አንድ በአንድ አጠፉልኝ።
"በግንቦት የቡሚያን አንቺ ትበትኛለሽ።"
አንድ ነጥብ አራት በመቶውን አላስታወስኳቸውም።